ትንሽ ቀረው

ከዚራ ነው ሱቄ፣ ከኒም ዛፉ ማዶ፣
«ጥገና» ከሚለው «ና»ዋን ፀሐይ ወስዶ፣
«ጥገ» ብቻ ቀርቷል፤ ሰው ግን ያነብባል፤
የጎደለን ፊደል ዓይን ከራሱ ያስገባል።

ማታ ወበቁ ሲላላ፣ መብራትም ካለ ደግሞ፣
አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ የሦስት ዓመት አቧራ ተሸክሞ፣
ለማላውቃቸው ሰዎች በነፃ ያሰላል፤ እነሱ ሰማይን ቆራርሰው
ለሺህ ቤት ሲያካፍሉ፣ ለእኔም ደረሰችኝ አንዲት ቁራሽ፦
የአንድ ቀን ዝናብ፤ ገና ያልጣለ፣ በማንም ደጅ ያልፈሰሰው።

መስመሯ ስትነሣ ግልቢያ ናት፣ አረንጓዴነቷ ያኮራት፤
አሥር … ሠላሳ … ሰባ … «ሁለት ሰዓት ቀራት»
ይላል ከጎኗ ጽሑፉ። አምኜ ቤቴ እሄዳለሁ።
ጠዋት ሳንቃውን ስከፍት፣ ዘጠና ስምንት ነጥብ ሰባት ላይ አገኛታለሁ።
ቀትር ላይም እዚያው ናት።
ጽሑፉ ግን አላፈረም፦ «አምስት ሰዓት ቀራት።»

ሰደብኳት። መስታወቱን በጣቴ ቆረቆርኩ፣ ኤሊ እያልኩ።
በሦስተኛው ቀን መብራት ሄደ፤ ሰፈሩ ለፍሪጁ ሲያዝን፣ እኔ ለዝናቤ አዘንኩ።
ሲመለስም ባሰ፤
የመጨረሻ ምልክቷን ካኖረችበት፣ ከዘጠና አንድ ጀመረች፤
የሌሊት ልፋቷ ፈሰሰ።

ይሄን ጊዜ ነው ጋሽ ሮብሌ፣ ሽርጡን ሰብስቦ፣ ምርኩዙን አንጠልጥሎ፣
ከበሩ ጥላ ላይ የቆመው፣ «በማን ላይ ነው የምትጮኸው?» ብሎ።
ሽንሌ ጣቢያ ሠላሳ ዓመት፣ በባቡሩ ደግ ዘመን፣
ለመንገደኛው ሰዓት የጻፈ ነው፣ ሰሌዳ ላይ፣ በጠመኔ፣ እሱ ራሱ ሳያምን።

«ቁርጥ እኔን!» አለ መስመሯን አይቶ። «ከደወሌ ሲነሣ ይደወልልኛል፤
የትናንቱን ባቡር አስቤ የዛሬውን እገምታለሁ፤ ሰው ያምነኛል።
ከአዲጋላ ወዲህ ግመል ተኝቶ ይሁን፣ ፉርጎ ተፈትቶ፣
ማን ይነግረኛል? ያልኩት ሰዓት ሲያልፍ፣ መንገደኛው ሻንጣው ላይ ተጎልቶ፣
‹ደረሰ› እንዳልል፣ አልደረሰ፤ ‹አላውቅም› እንዳልል፣ ኮፍያ አድርጌያለሁ፤
የቀረውን ግማሽ፣ የግማሹን ግማሽ እየቀነስኩ፣ ‹ትንሽ ቀረው› እላለሁ።»

እውነቱን ነው። መስመሯ ሥራውን አታየውም።
ያለፉትን ታስታውሳለች፤ ይህ ዝናብ ግን ያለፉትን አይመስልም።
ከውስጥ ያለው ስሌት አንገቱን ደፍቷል፤ «እዚህ ደረስኩ» ብሎ አይልክም፤
እሷም በፀጉር ስፋት እየቆረሰች ትጠጋለች እንጂ፣ መቶን አትነካም።

«ታዲያ መምጣቱን በምን ታውቅ ነበር?» አልኩት።
«ሰሌዳውን ትቼ፣
ወጥቼ፣ ተንበርክኬ፣ ሐዲዱን በመዳፌ ነክቼ።
ከጆሮ በፊት እጅ ይሰማል።» መዳፉን ዘረጋ፤
ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ትኩስ ትንፋሽ ከሚወጣበት ወንፊት ላይ አሳረፈው። ረጋ።
«ይሞቃል» አለ። «ይመጣል።»

የድሬ ቀትር ድንጋዩንም ያሞቃል፣ ልለው ነበር፤
ተውኩት።

ሲወጣ፣ ከደፉ ላይ ዞሮ፣ «ራዲዮዬስ?» አለኝ፣ «ሳምንት ሞላው።»
ከመደርደሪያው ላይ ነው፤ ብሎኑ እንኳ አልተነካ፣ ፌስታሉ እንደታሰረው።
«ትንሽ ቀረው።»