ያልጠየቅሁት ሳህን

የካሊርሮይ ልብ ምት ይስት ነበረ፣
ደሟ እንዳይረጋባት ክኒን ተጀመረ፤
አንዲት ፍሬ ማታ ማታ፣ ከእራት በኋላ፣
በየወሩም ደሟን መለካት፣ ሌላም የለው መላ።
በቀርጤስ ተራራ፣ ከባሕር ርቆ በተቀመጠ መንደር፣
እኔ ነኝ ሐኪሟ፤ አንድ ክፍል ጤና ጣቢያ፣ ሁለት ወንበር።

ጥር ላይ ቁጥሯ ሁለት ተኩል፣ ልክ የሚፈለገውን ያህል፤
“ጎበዝ ነዎት” አልኳት። ሳቀች፣ ሁለት ብርቱካን ሰጠችኝ፣ አንዱ ጥሬ፣ አንዱ ብስል።

መጋቢት ላይ ወረደ።
አንድ ነጥብ አራት። ደሟ እየወፈረ ሄደ።
“ክኒኑን ረስተዋል?” “አልረሳሁም ዶክተር፤ ሳጥኑ ይኸው፣
ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ... ቤቱ ሁሉ ባዶ ነው።”
የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ማመን ይከብዳል፣
ሐኪም ሲሆኑማ ደግሞ ይብሳል።
አላመንኳት። መጠኑን ጨመርኩ።
በሁለት ሳምንቱ ቁጥሩ ሲስተካከል ኮራሁ፤ ሌላ ነገር አልጠየቅኩ።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣
እሷ ግን ጎህ ሲቀድ፣ ቢላዋና ከረጢት ይዛ፣ ከወይራው ሥር አትጠፋም።
ዝናብ ያበቀለውን መራራ ቅጠል ከነሥሩ ትነቅላለች፣
ቀቅላ፣ ሎሚ ጨምቃ፣ ጠዋትም ማታም ትበላለች፤
ጎረቤት ሲጠራት እንኳ ሳህኗን ይዛ ትሄዳለች።
ያ ቅጠል ደም የሚያረጋውን ይቀልባል፣
ክኒኑ የፈታውን መልሶ ያስራል።
እኔ ከላይ ስፈታ፣ ሳህኗ ከታች ሲቋጥር፣
ስንጓተት ከረምን፤ ገመዱ የእሷ ደም ሥር።

ትንሣኤ መጣ።
ጠቦት ታረደ፣ እንቁላሉ ቀይ ተነክሮ ወጣ፣
ቢላዋና ከረጢቱ ከበሩ ኋላ ተሰቀሉ።
ክኒኖቹ ብቻ፣ እኔ እንዳበዛኋቸው፣ እንደ በዙ አሉ።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት የልጅ ልጇ አርጊሮ ይዛት ገባች፤
ክንዷ ላይ የወይን ጠጅ ቀለም፤ ድዷን በመሐረብ ይዛለች፣
“ማንም አልመታኝ” አለች፣ ሳልጠይቃት፣ እየሳቀች።
ለካሁ። ስድስት ነጥብ ስምንት።
ብዕሬን ጣልሁና ወንበሬን ሳብኩ ወደ ፊት፦
“ትናንት ምን በሉ? በጾሙስ? ከጾሙ በፊት?”
ግራ ገብቷት አየችኝ፦ “ምግብ? እሱ ደግሞ ምን ሕመም አለበት?”

ዳነች። ሁለት ሌሊት ከተማ ሆስፒታል፣ አርጊሮ ከእግሯ ሥር።
ቅጠሉን አልከለከልኳትም፤ በጾምም በፍስክም ልኩ እንዳይቀያየር፣
ሊቀየር ሲልም እንድትነግረኝ ተስማማን፣ በሁለቱ ወንበር።

ኅዳር ላይ፣ የገና ጾም ዋዜማ፣ ጭቃ በጫማዋ መጣች፣
የሕፃናት ሚዛኔ ላይ ከረጢቷን ዘረገፈች፦
“ይህን ያህል ልበላ ነው። አሁን አንተ ጻፍ” አለች።