ከነልብሱ

ከአጋሮ ወዲያ፥ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው ቀበሌያችን፤
ጥቅምት ሲገባ ሽታው ከወንዙ ይነሣል፥ ይገባል ቤታችን።
የመፈልፈያው ገለፈት ውኃውን አጥቁሮት፥
ከብቱ ሊጠጣ ጎንበስ ይልና ሽታው መልሶት፥
ጥሙን ይዞ ዳገቱን ይወጣል።
"ቡና እኮ ነው፥ ምን ይደረግ" ብለን ለመድነው።
የለመዱት ነገር አይሸትም አይደል?

እኔ የችግኝ ጣቢያው ቆጣሪ ነበርኩ፤
ጥቁር ላስቲክ በሺህ በሺህ እያሰርኩ፥
ተረከብኩ፥ አስረከብኩ፥ ፈረምኩ፤
የት እንደሚያልቅ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩ።

ሸምሲያ አባ ዲጋ ናት የጠየቀችኝ፥
ቃጫ ጭኗ ላይ እያከረረች፥ ቀና ብላ ሳታየኝ፦
"ይኼ ላስቲክ ሲሞት የት ነው የሚቀበረው?"
መዝገቤን ገለጥኩ።
ገቢ አለ፥ ወጪ አለ፥ ቀሪ አለ።
መቃብር የሚል ዓምድ የለውም።

እሷ የደረቀ የኮባ ልባስ ትገፋለች፥
በውኃ አርሳ በመዳፏ ታለዝባለች፥
ጣሳ የምታህል ከረጢት ትሰፋለች፤
የከረመ ገለፈት ከአፈርና ከእበት ለውሳ ትሞላለች።
ትኩሱን አትነካም፤ ትኩስ ገለፈት ሥር ያቃጥላል።
"ቂሙ እስኪወጣለት አንድ ክረምት ይተኛ" ትላለች።
እጇን ክምሩ ውስጥ እስከ ክርኗ ሰድዳ
ትኩሳቱን ትለካለች፥
እንደታመመ ልጅ ግንባር።

ሰኔ ላይ፥ ዝናቡ መሬቱን ሲያለሰልሰው፥
እኛ የላስቲኩን ችግኝ በምላጭ ቀደን፥
ልብሱን ገፈን፥
ሥሩን አቁስለን፥
ላስቲኩን ለነፋስ ትተን እንሄዳለን።
የእሷ ከነልብሱ ይገባል።

"ሰውን በምን እንቀብራለን?" አለችኝ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ።
"በነጭ ጨርቅ። ሳጥን የለ፥ ሚስማር የለ።
አፈር ማውለቅ ያውቃል።
የሚሄደውን እንዲህ ከሸኘን
የሚመጣውን ምነው በላስቲክ አነቅነው?"

ገለፈቱን ማን ይሰጣታል? ጎረቤት።
እሳት ልትጭር የመጣችን ሴት
ስንት ትከፍያለሽ ይሏታል በየትኛው ቤት?
የአባ ቡልጉ ልጅ በጋሪ አምጥቶ ደጇ ያራግፋል፥
ሳይጠራ መጥቶ፥ ሳይመሰገን ያልፋል።
በሰኔ ሁለት ችግኝ ከአጥሩ ሥር ያገኛል።

ያምና አንድ ባለ ሰደርያ ሰው መጣ።
የሸምሲያን ከረጢት በሜትር ለካ፥ ፎቶ አነሣ፥
"ይኼ ምርት ነው!" አለ።
እውነቱን ነው መሰለኝ። ክፋት አላየሁበትም።
ግን ኅዳር ሳያልቅ ገለፈት በኩንታል ዋጋ ወጣለት፥
የጆንያው ሁሉ አፍ ተሰፋ።
የአባ ቡልጉ ልጅ ጋሪውን በሌላ መንገድ ነዳ፤
አንገቱን ደፍቶ "ዘንድሮ እንኳ ተቆጥሯል" አላት።

የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

ወንዙ ጠራ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው።
ከብቱ እስኪጠግብ ጠጣ፥ ልጆች ዋኙበት።
ሸምሲያ ዳሩ ላይ ቆማ ብዙ ሰዓት አየችው፥
ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት አልለየሁም።
"ሰፉ" አለች፥ አንዲት ቃል ብቻ፥
ነውርም፥ ክብርም፥ ወሰንም በአንድ ላይ ያለባት።
ለእሷም ዓምድ የለኝም።

በማግስቱ ንጋት
አፉ ያልተሰፋ አንድ ጆንያ በሯ ላይ ተገኘ።
ማን አመጣው ብላ አልጠየቀችም፤
ጎትታ ወደ ጓሮ አስገባችው፥ እንዲከርም።
ማን እንዳመጣው አውቃለሁ።
አልመዘገብኩትም።

የዘንድሮ ሒሳቤ በአንድ ጆንያ ይጎድላል።
መርማሪው የሚመጣው ሰኔ ላይ ነው፤ ይምጣ።
ጫማውን አስወልቄ ጭቃውን አሻግሬ
ወደ ሸምሲያ መደብ እወስደዋለሁ፥
የጎደለውን በጣቴ አሳየዋለሁ፦
የኮባውን ልብስ በስቶ ብቅ ያለ
ነጭ ሥር፥
የወተት ጥርስ የሚያህል።