ሰባተኛው በር

ቱሉ ዲምቱ፣ ከመንገዱ ማብቂያ፣ አስፋልቱ ከጭቃ ሲጋጠም፣
ብሎክ አርባ ሁለት ቆሟል፤ ከነፋስ ሌላ ጎረቤት የለውም።
አሥራ ሁለት ፎቅ ነው፤ አንድ አሳንሰር ብቻ ይሠራል፤
እሱም ሲሻው ይወጣል፣ ሲሻው መሐል ቆሞ ያድራል።

አቶ ሽብሩ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣
«ያ ሰውዬ ከነካካው ወዲህ ደህና ነበር» አሉኝ፤
«አሁን ድምፅ አመጣ፤ ዘይት ቢጤ ጠብ አድርግበት» ብለው መፍቻዬን ያዙልኝ።

ዘይት አልነበረም። ጣራው ላይ ቁጢጥ ብዬ ስወርድ
ሰባተኛው በር ላይ አየሁት፤ ቀይ ሽቦ፣ ከጣቴ ያጠረ፣
ከቁልፉ አንድ ጥርስ ወደ ሌላው ተሻግሮ የታሰረ።

እንዴት ልንገራችሁ?
አሳንሰር ከመነሣቱ በፊት ይጠይቃል።
እንደ ድሮው አውጫጭኝ ነው፤ አገር በሙሉ ተጠርቶ፣
ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም፣ ሳይምል መሐል ወጥቶ።
«አንደኛ ፎቅ፣ ተዘግተሃል?» «ተዘግቻለሁ፣ ቁልፌም ገብቷል።»
«ሁለተኛ?» «ተዘግቻለሁ።» ሦስተኛውም «እኔም» ይላል።
አሥራ ሁለቱም ካልማሉ ሞተሩ ክንዱን አያነሣም፤
አንዱ ዝም ካለ፣ ፍሬኑ ነክሶ የያዘውን አይለቅም።
ሌላ ጥበብ የለውም፤
በር ክፍት ከሆነ ጉዞ የለም፤ ጉዞ ካለ በር አይከፈትም።

ቀዩ ሽቦ ግን ሰባተኛውን ወክሎ ይምላል፤
በሩ ተዘጋም ተከፈተም «ተዘግቻለሁ» ይላል፤
ቀንም ማታም፣ ሳይታክት፣ ሳያፍር፣ ሳይደናገር፣
ከመዳብ የተፈተለ የሐሰት ምስክር።

ወደ ጉድጓዱ ወረድኩ፤ ባትሪዬን ነክሼ በጥርሴ፤
በዘይትና በክረምት ውሃ ራሰ ጫማዬና ልብሴ።
ከሽንኩርት ቅርፊት፣ ከሳንቲም፣ ከተሰበረ ቁልፍ መሐል
አንድ ነጠላ ጫማ አገኘሁ፤ የግራ፤ መዳፌን ያህላል።

በየደጁ አንኳኳሁ። ሰባተኛ ላይ ስመኝ የምትባል ሴት
አየችው። ቀና ብላ አላየችኝም።
«በመጋቢት ነው» አለች። «ገፋ ስታደርገው ተከፈተላት፤
ሊፍቱ ግን አልነበረም። በሹራቧ ኮሌታ ያዝኳት።»
«ለምን አልተናገርሽም?»
ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች።

አሥረኛ ፎቅ ጋሽ ወልደሰንበት አሉ፤ ኩላሊታቸው ደክሟል፤
በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን ይታጠባል።
«ብናገር ያቆሙታል፤ እሱ ሲቆም እሳቸው ይቆማሉ፤
እሳቸው ናቸው ማታ ማታ ልጄን ‹ሀ ሁ› በዪ የሚሉ።
እኔ በጠረጴዛ ዘግቼዋለሁ።» እውነትም ጠረጴዛ ነበረ፤
እግሩ በገመድ ታስሮ፣ ላዩ ላይ ሬት በጣሳ ያደረ።

ሽቦውን መዘዝኩት።
አሳንሰሩ ጠየቀ። ስድስተኛው መለሰ። ሰባተኛው ዝም።
ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ እርግማን፣ በየደረጃው ጄሪካን።

«ዕቃው እስኪመጣ መልሰህ እሰረው» አሉ አቶ ሽብሩ፤ «ማን ያይሃል?»
ዕቃው ጉምሩክ ነው፤ «ሦስት ሳምንት» ተብሏል፤
ሦስት ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ይታወቃል።

ጀግና አይደለሁም። ዓለም ባንክ ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ
እንዲህ ያለ ሽቦ በገዛ እጄ አስሬ አውቃለሁ።
አርብ ማታ ነበር። ሰኞ ፈታሁት።
በመሐሉ ያሉትን ሁለት ሌሊቶች አልቆጥራቸውም።

ማክሰኞ ንጋት ተመልሼ መጣሁ፣ መሣሪያዬን ቤቴ ትቼ፤
ጋሽ ወልደሰንበትን አዘልኳቸው፣ በጋቢያቸው አስሬ፣ ጀርባዬ ላይ አውጥቼ።
አጥንትና ቀልድ ብቻ ናቸው።
በየፎቁ ስንደርስ የሊፍቱን በር በከዘራ ይመታሉ፤
«ዘጠነኛ፣ ተዘግተሃል?» ራሳቸው «አዎን ጌታዬ» ይላሉ።
«ስምንተኛ?» «አዎን።»

ሰባተኛ ላይ ስመኝ በሯን ገርበብ አድርጋ ቆማለች፤
ልጅቷ ሁለቱንም ጫማ ተጫምታለች፤
የግራው በዘይት ጠቁሯል፤ ተረከዟ ውጪ ቀርቷል።

ከዘራው ተነሣ። «ሰባተኛ፣ ተዘግተሃል?»

ማንም አልመለሰም።
ጆሮዬ ሥር ተነፈሱ።
«እሱ እውነቱን ነው» አሉ። «ዝም ይበል። ውረድ።»
ስድስት ፎቅ ይቀረን ነበር።