ሥራ የፈቱ እጆች

ቫዲም መጋዘኑን በግማሽ ከፍቶታል፤
ዓርብ ነው፣ ቀን ሳይመሽ ሊዘጋ ቸኩሏል።
«ይኼ፣» አለኝ ቢጫውን በጫማው ነካ አድርጎ፣
«ያገለገለ ነው፤ ሆዱ ትንሽ ተቧጭሮ።
ክንፍ አለው ከሥሩ፤ ስትረግጠው ይመታል፣
አሸዋ ሲጠጋ ተጣጥፎ ይተኛል።»

ክንፍ አለው፣ ቅርፊት የለው፤
በኦሪቱ ሕግ ይኼ አይበላም ማለት ነው፣
ብዬ ሳቅሁ ለብቻዬ። ቫዲም አልገባውም፤
የኦዴሳ ልጅ ነው፣ ከዋጋ ክርክር በቀር የሚያስቀው የለም።

«ያ አረንጓዴው ደግሞ ፕሮፔለር አለበት፤
ወደ ኋላ ስትረግጥ ወደ ኋላ ይሄዳል በቅጽበት።»
ወደ ኋላ!
ሃምሳ ስድስት ዓመት ስረግጥ ኖሬያለሁ፣
ወደ ኋላ የሄደልኝ አንድ ነገር አላየሁ፤
ከጎርጎራ ጎንደር፣ ከጎንደር አዲስ አበባ፣
ከዚያ በአንድ ሌሊት አውሮፕላን ስገባ፣
ከዚያ ሐዴራ፣ ከወረቀት ፋብሪካ፤
ማርሹ አንድ ብቻ ነው፣ ወደፊት፣ ለካ።

ትከሻዬን አየው። ሰው ሁሉ ያየዋል፤
ቀኜ ከግራዬ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥቅል ወረቀት ገፍቶ፣
በወረቀት አልቆ፣ በወረቀት ጡረታ ወጥቶ።
«መቅዘፊያ እንዳትነካ» ብላኛለች ሐኪሟ፣
«እግርህ ግን ደህና ነው»፤ ከግርጌው ማኅተሟ።

ወርቂት ስልክ ላይ ናት።
«ስንት ኪሎ ነው? ሦስተኛ ፎቅ ነን እኮ!
ሊፍቱም እንዳንተ ነው፣ ትከሻው ተነክቶ።»
ልጄ ኤላድ ደግሞ ከጀርባዋ ሆኖ፣
«አባዬ፣ ሞተር ግዛ! ማን ይረግጣል ዘንድሮ!»

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ጣና ዳር ተቀምጦ
መንጠቆ ይሠራል፣ ብረት ቀጥቅጦ፣
ለወይጦ አጥማጆች። እነሱ በደንገል ታንኳቸው ይገባሉ፤
እሱ ዳር ላይ ቆሞ፣ ጭጋግ እስኪውጣቸው፣ ዓይኖቹ ይከተላሉ።
ውሃ ነክቶት አያውቅም ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፤
መንጠቆው ብቻ ነበር ጥልቁን ገብቶ የሚያይ።

«ሞክረው» አለ ቫዲም። ወንዙ አፍ ወሰድነው፣
ከጭስ ማውጫዎቹ ሥር፣ ውሃው ለብ ያለ ነው።
ስለ ወደ ኋላው ስል ከአረንጓዴው ጀመርኩ፤
ሃያ ክንድ ሳልሄድ ፌስታል ጠምጥሞ ቆመ፤
እኔም አብሬው ቆምኩ።
ወደ ኋላ ረገጥኩ። ፌስታሉ ይበልጥ ጠበቀ።
ቫዲም ዳር ላይ ሆኖ ሲጋራውን እያየ ተሳቀቀ።

ከዚያ ቢጫው።
ረገጥኩ። ሄደ። ዝም ብሎ ሄደ፤
ጉልበቴ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ ሲል
ክንፉ ከሥሬ ተራመደ።

እጆቼ ግን፣
እጆቼን የት ላድርጋቸው?
ከሰባት ዓመቴ ወዲህ ሥራ ፈተው አላየኋቸው።
የአባቴን ወናፍ ነፍተዋል፣
ጥቅል ገፍተዋል፣ ልጅ ታቅፈዋል፤
አሁን ጭኔ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጠው
«ምን እንታዘዝ?» ይሉኛል።

ቀኙን ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ለቀቅ አለ።
ግራው ኪሴን ዳበሰ።
የተገኘው መንጠቆ የአባቴ አይደለም፤
የቻይና ነው፣ አሥሩ በአሥራ አምስት ሼቄል።
ቢሆንም ጫፉን በአውራ ጣቴ ጥፍር ሞከርኩት፣
ይጫር እንደሆነ፣ ይንሸራተት እንደሆነ፣
እሱ ሳይሸጥ በፊት እንደሚያደርገው።
ጫረ።

ከዳር ቫዲም ሰዓቱን እያሳየኝ ይጮኻል፦
«ሰንበት ሊገባ ነው! ቢጫው ወደ ኋላ የለውም፣
አስበህበታል?»

«ዞሬ እመጣለሁ» አልኩት፣
ገና ሳልዞር።