ሚዛን በሐይቅ ዳር

ከሾላው ሥር ነው፣ ሐይቁ ዳር፣ ሥራዬ፤
አንድ አሮጌ ሚዛን፣ አንድ ጃንጥላዬ።
«ክብደት አምስት ብር» ይላል ካርቶኔ፤
ሰው ይወጣበታል፣ ቁጥሩን እላለሁ እኔ።

ጫማ ይወልቃል፣ ዘንቢል ይቀመጣል፣
መርፌው ትንሽ ዋልሎ ከልኩ ይመጣል፣
«ስድሳ ሦስት» እላለሁ። ባለቤቱ ይሄዳል።
ከዚህ ወዲያ ማን ከሚዛን ምን ይወዳል?
እል ነበር።

የጀልባ ልጆች «ዘጌ! ዘጌ!» ይላሉ፣
ሙሽሮች ከውሃው ጋር ፎቶ ይነሳሉ፤
ሲመሽ፣ ሁሉም ሲያልቅ፣ ወፎቹ ሲበሩ፣
ደንገል የጫኑትም ታንኳቸውን ሲያስሩ፣
እኔም በተራዬ እወጣበታለሁ፣
«ሰባ አራት» ብዬ ጮክ እላለሁ።
ልማድ ነው።

አንድ ልጅ ይመጣል፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣
ቤታቸው ሰው የለም እናቱ እስክትደርስ።
አንዴ ከነቦርሳው፣ አንዴ ያለ ቦርሳ፣
በጣቱ ቀንሶ ሒሳቡን ሲያነሳ፣
«አራት ኪሎ ደብተር!» ብሎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤
አብሬው ካልተደነቅኩ የሚከፋው ይመስለኛል።

ፔዳ የምትማር አንዲት ልጅም አለች፣
ከጂንካ ድረስ ነው እዚህ የመጣች፤
ሚዛኑ ላይ ቆማ ስልክ ታወራለች፣
«ደህና ነኝ፣ ብዙ ጓደኛ አለኝ» ትላለች።
አንድ ቀን ከእጇ ወድቆ ሳነሳላት
ድርግም ያለ ጥቁር፣ ነፍስም የሌለበት፤
የራሴን ፊት አየሁ መስታወቱ ውስጥ።
ዝም አለች። ዝም አልኩ፤ ውሃውን ቃኘሁ።
«አርባ ስምንት» አልኳት፣ አርባ አምስት እያየሁ።
ሦስቱን ኪሎ ለምን እንደጨመርኩ እንጃ፤
ምናልባት እናቷ የምትሰማ መስሎኝ።

ጋሽ ይስማው ግን ሌላ ናቸው።
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሠርተው
በማሽኑ ጩኸት ጆሯቸው ተጎድቶ
ድምፃቸው መንገዱን ይሻገራል ጎልቶ።
ጠዋት ሃምሳ ስምንት፣ ማታ ሃምሳ ስምንት፣
በዝናብ ሃምሳ ስምንት፣ በበዓል ሃምሳ ስምንት።
«ጋሼ፣ ብርዎን በከንቱ ይጨርሳሉ፤
ያው ነዎት» ስላቸው፣
«እንዲያው፣ ካለሁ ብዬ» ይላሉ።

ከመስቀል ወዲህ ሦስት ቀን ቀሩ።
በአራተኛው ሚዛኔን በብብቴ ይዤ ሺምብጥ ወረድኩ፣
ቤታቸውን ሱቅ ለሱቅ እየጠየቅኩ።
አንድ ግቢ፣ ስምንት በር፣ ስምንት ተከራይ፣
ስምንት ቁልፍ፤ «ደህና አደርክ» የለም ሲተያይ።
«እኚያ ሽማግሌ? አሉ» አለች አንዷ፣ ልጇን እንዳዘለች፣
«ራዲዮናቸው ይሰማል» ብላ በሯን ዘጋች።
ራዲዮው ይሰማል።
ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌሊት፣ ለማንም ይሰማል።

እግራቸው አብጦ ከአልጋ ላይ ነበሩ።
«ሚዛኑን ይዘኸዋል?» ነው የተናገሩ።
ውሃ አጠጣሁና ሲሚንቶው ላይ አኖርኩት።
ብቻቸውን መቆም እንዳቃታቸው ሳይ
ደግፌ ወጣሁ፣ አብሬ፣ ሚዛኑ ላይ።
መቶ ሠላሳ ነው የመርፌው ዳርቻ፤
እኔና እሳቸው አለፍነው፣ በጥቂት ብቻ፤
ዞሮ፣ ዞሮ፣ ከዜሮው እንደገና ጀምሮ
ሁለት ላይ ቆመ፣ ተቸግሮ።
«ስንት ይላል?»
«ሁለት ኪሎ።»
«ለሁለታችን?»
«ለሁለታችን።»
ሳቁ። ፋብሪካ የሚያክል ሳቅ፣ ግድግዳ የማያግደው፣
ያቺን ሴት ከነልጇ ከቤቷ የወሰደው።
«ምን ሆናችሁ ነው?» አለች፣ በሩ ላይ ቆማ፤
እኔ ባጃጅ ልጠራ ስሮጥ፣
ትራሱን ከፍ አደረገችላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሚዛኔ ተበላሽቷል፤
ማንም ሳይወጣበት ሁለት ያሳያል።
ጠጋኙ ግሽ አባይ ነው፣ ቅርብ ነው፣ አልወሰድኩትም።
ጋሽ ይስማው በከዘራ መጥተው ከጎኔ ይቀመጣሉ፣
የሰውን ኪሎ ሐይቁ ማዶ እስኪሰማ ይጠራሉ።
ሁለት መቀነስ የልጁ ሥራ ነው፤
ከትምህርት ቤት እስኪመጣ ደንበኛ ይታገሳል።

ተማሪዋ አሁንም ጥቁር ስልኳን ታወራለች።
ትናንት ግን ከፍላኝ ጥቂት እንደሄደች
ዞር ብላ፣
«አንተስ ስንት ነህ?» አለች።