የአሸዋው መንገድ

ከከፊራ ጭኜ ከዚራ ልሻገር፣
ድልድዩ አፍ ላይ ቆምኩኝ ከሰልፉ ልማከር።
ከፊቴ ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አይሱዙ፣
የጥሩንባው ጩኸት፣ የረዳት ንዝንዙ፣
የድሬ ሐሩር ወርዶ ሸራዬን ሲጠብሰው
ሞተሬን አጥፍቼ ቆጠርኩ እንደ ሞኝ ሰው፦
አርባ ባጃጅ ሆነ መንገድ የዘጋብኝ።
(አህያ ቆጣሪው የተቀመጠባትን እንደዘነጋት፣
አርባ አንደኛዋ ከሥሬ ነበረች፤ እኔም አላየኋት።)

አይድሩስ ነው ያኔ፣ መፋቂያውን ነክሶ፣
በጎኔ ተጠጋ ድምፁን አለስልሶ፦
«ደቻቱ ደረቅ ነው፣ በታች በኩል ውረድ፤
ለማንም አትንገር፣ ካንተና ከኔ ሌላ አያውቀውም ሰው ይሄንን መንገድ።»

ወረድኩ።
እንዴት ደስ ይላል ብቻ መሆን በአሸዋ!
ግራ ቀኝ ፍየል ነው፤ ትራፊኳ የለች፣ የለ ያ ፊሽካዋ፤
ድልድዩን ከታች ሆኜ በትዕቢት አየሁት፣
የተሰለፈውን ከልቤ አዘንኩለት።

ለማንም አልነገርኩ።
ለኢብሳ ብቻ ነው፣ ወንድሜ ስለሆነ።
ኢብሳም ለአማቹ፣ አማቹም ለማኅበሩ፤
በሳምንቱ አሸዋው ጎማ በጎማ ተሸፈነ።
ሁሉም ለየብቻው ብልጥ የሆነ ለታ
ሰልፉ በብልጦች ተሠራ ጠዋት ማታ።
አንዱ ጎማ ሲሰምጥ ሃያው ከኋላ ቆሞ፣
ድልድዩም አልቀለለው፣ እንዲያውም ከቀድሞ
ባሰበት፤ ከአሸዋው የወጣ ተመልሶ
አንዲት ጠባብ አፍ ላይ ይማገዳል ደርሶ።

የወይዘሮ ዛሂዳ አንድ ሣጥን ቲማቲም
ጉብታው ላይ ተገለበጠ።
ጎንበስ ብላ፣ አሸዋውን በነጠላዋ እየጠረገች፣
«የቸኮለ...» ብላ ጀመረች።
አልጨረሰችውም፤ እጇ እየጨረሰው ነበር።

ማክሰኞ ሌሊቱን ደንገጎ ላይ ዘነበ።
ደቻቱ መጣ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ፤
ሰው ሳይነካ አለፈ፣ ይመስገን፤
መንገዳችንን ግን ጠቅልሎ ወሰደ።

ጠዋት ያለን ድልድይ ብቻ።
ለሰዓት ጭቅጭቅ ታጥቀን ሁላችን ወጣን፤
ሰልፉ ግን
ሄደ።
ቀስ እያለ፣ እንደሚፈተል ማግ፣ አንድ ባንድ፤
ከጎን የሚሰነቀር የለ፣ አፉ ላይ የሚማገድ።
ዘጠኝ ደቂቃ!
ዛሂዳ ሂሳብ ስትሰጠኝ ሰዓቷን አየች፣
«አንድ መንገድ ሲጠፋ ነው እንዴ ቶሎ የሚደረሰው?» አለች።
መልስ ፈለግኩ፤
ዝርዝር ብቻ ነበር በእጄ።

ዓርብ አሸዋው ደረቀ።
ከድልድዩ አፍ ሆኜ ቁልቁል አየሁት፦
ለስላሳ፣ የጎማ ፋና የሌለበት።
ለማንም አልነገርኩ።
መሪዬን አዞርኩ፤
በመስታወቴ ውስጥ
ከኋላዬ ያለው ባጃጅ መሪውን ሲያዞር አየሁ።