የቁም ቅሬ

ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ደግሞም የቅሬ ጸሐፊ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሟች ስም አሰላፊ።
ማን ቀብር ቀረ፣ ማን ድንኳን አልተከለም?
ከደብተሬ ሸሽቶ ያመለጠ የለም።

ሱቄ ኮምቦልቻ ነው፣ ከቦርከና ዳር፤
የሚለየኝ ጭቃ ነው ከሉባባ ጋር።
ማታ ሁለት ሰዓት፣ ለሌሊት ፈረቃ፣
ልጆቿን ትቆልፋለች ከውጭ፣ ተጠንቅቃ፤
ጓጉንቸሩን ሁለቴ ስባ ታየዋለች፣
ሌባ ይመጣል ብላ እንጂ
እሳትን ከውስጥ መች አስባለች።

ንጋት ላይ ደግሞ ከፋብሪካ ስትመለስ
(ይህን ብተወው ደስ ባለኝ፣ ግን እውነት ነው)
ትመታቸው ነበር፤
ለፈሰሰ ውሃ፣ ለረጠበ ፍራሽ፣
አንዳንዴ በቀበቶ፣ አንዳንዴ በነጠላ ጫማ።
እኔስ?
እኔማ
ለቅሶው በጭቃው ሾልኮ ሲመጣ
የስፌት መኪናዬን ፔዳል ረገጥኩ በቁጣ፣
በማን እንደተቆጣሁ ሳላውቀው።

ሰኔ ላይ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት፣
ኑርሁሴን ለእህቱ ሻማ ለኮሰላት።
መጋረጃው ናይለን ነው።
አበጋዝ፣ የመጋዘኑ ዘበኛ፣ ጢሱን አይቶ
ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰብሮ ገባ፤
ልጁ አንድ መዳፉ ተልጦ፣
በሌላው ሐያትን እንደያዘ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ትርንጎ መጣች፣
ከሕፃናት ጉዳይ፣ ቅጽ ይዛ መጣች።
ደሴ፣ አንድ ማሳደጊያ፣ ቦታ ተገኝቷል።
ሉባባ አልተከራከረች፤
ልብሳቸውን አጣጥፋ በፌስታል ቋጥራለች።
ኑርሁሴን ብቻ፣
"የሐረጎ ጠመዝማዛ ስንት ነው?" ይላል፣
"ብቆጥረው በእግሬ መመለስ እችላለሁ?"

ትርንጎ እስክሪብቶዋን ከደነች።
"ሌሊት ሌሊት ማነው ያለው?" አለች።
እሷን አይደለም የጠየቀችው፤ እኛን ነው፣
በር ላይ የተኮለኮልነውን።
ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

እሁድ ቅሬው ተሰበሰበ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጥላ።
ጋሼ ደምሌ ተነሡ፤ "ደንቡ ግልጽ ነው፤
ቅሬ ለአስክሬን ነው፣ ለቀብር፣ ለድንኳን፤
የሰው ጓዳ ገብተን ልጅ ልናሳድግ አልተማማልን።"
እማማ ጦይባ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፦
"ልጁ ተቃጥሎ ቢሞት፣ ደምሌ፣
ሦስት ቀን ልትቀመጥለት፣
ንፍሮ ልትቆረጥም፣ እንባ ልታዋጣ፤
ሳይሞት ሲቀር ነው ወይ ደንብህ የሚመጣ?"

ዝም።
ደብተሬን ገለጥኩ። ሌላ ወረቀት የለኝም፤
"የሟች ስም" ይላል ዓምዱ፣ በቀይ ያሰመርኩት።
እዚያ ሥር ኑርሁሴን ብዬ እንዴት ልጻፍ?
እጄ እምቢ አለኝ። ቃሉን ሰረዝኩት።

ሰኞ ጦይባ። ማክሰኞ የሻረግ ከነሹራቧ።
ይማም ባጃጁን አቁሞ ሐሙስን ሊያድር፤
የቀረ፣ ከቀብር እንደቀረ ይቀጣል፤
ይማም በሁለተኛው ሳምንት ረሳ፣ ሠላሳ ብር።
ደምሌ ቅዳሜን ያዙ፣ እያጉረመረሙ፤
ለሐያት ፊደል ሲያስቆጥሩ ሰማኋቸው፣
"ሀ" ላይ ድምፃቸው ሲለሰልስ።

አንድ ንጋት ሉባባ እጇን አነሣች።
ጦይባ አልጮኹባትም፤ እጇን ይዘው አስቀመጧት፣
"አብሽሪ፣ ተኚ፣ እኔ አለሁ" አሏት።
እስከ አራት ሰዓት ተኛች።
ከዚያ ወዲያ አልመታችም አልልም፤
አንዴ መታች፤ ራሷ መጥታ ነገረችን።

ትርንጎ በየወሩ ትመጣለች። ቅጹን አልቀደደችም፣
ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ታጥፎ፤ ልትደብቀንም አልሞከረች።
ጓጉንቸሩ የነበረበትን በጣቷ ትዳስሳለች፤
አሁን ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ አለው፣
የልጅ እጅ የሚደርስበት።

እኔ ረቡዕ ነኝ።
በሌላው ሌሊት ደግሞ መኪናዬን አቆማለሁ፣
ጆሮዬን ወደ ጭቃው አስጠግቼ እቆያለሁ።
ከወዲያ፣ በዳነው መዳፉ፣
ሁለቴ ያንኳኳል።
በመቀሴ እጀታ ሁለቴ እመልሳለሁ።